እጀታው ወዴት ዞሮ ነበር?

ማክሰኞ፣ 6

ሲያበሽቀኝ የከረመውን ቫልቭ ዛሬ ልክ አስገባሁት። የመጥመቂያው በርሜል መልቀቂያ ቫልቭ ሲዘጋ እጀታው ወደ ጎን ይወጣል፤ የጓዳው መተላለፊያ ደግሞ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያሳልፍ ነው። ባለቤቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ቀሚሷን ይይዛታል። ባለፈው ሳምንት ይዟት ከፈተውና የሁለት ቀን ልፋታችን ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ «ሠላሳ አንድ ዓመት ፓምፕ ጣቢያ ሠርተህ አንዲት ቧንቧ አሸነፈችህ?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኛል። እሷ ዘንድ ግን እስካሁን ተለማማጅ ነኝ።

መፍትሔው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። እጀታውን ነቀልኩና ሩብ ዙር አዙሬ መልሼ ሰካሁት። ከመጠን በላይ እንዳይዞር የሚያግደውን ትንሽ ጥርስ በሞረድ ሞርጄ አነሳሁት። አሁን ሲዘጋ እጀታው ቧንቧው ላይ ተጋድሞ ይተኛል፤ የሚወጣው ሲከፈት ብቻ ነው። ሌላው ቫልቭ ሁሉ የሚሠራው በተቃራኒው መሆኑን አላጣሁትም። ግን በርሜሉን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። ባለቤቴና ምራቴ ቢራውን ይጠምቃሉ፣ እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው።

ለባለቤቴ አሳየኋት። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለች፤ ዓይኗ ያለው የታቀፈቻት የልጅ ልጃችን ላይ ነው። ምራቴ የሰው ልብስ ስፌት ይዛለች። ለእሷ ነገ አሳያታለሁ።

ሐሙስ፣ 8

ዝናብ። የአረቄ ማፍያውን መዳብ ቱቦ አጠብኩ። ምራቴን ላሳያት ብዬ ረሳሁ። ነገ።

ቅዳሜ፣ 10

ምራቴ ተቃጠለች። ቀኝ እጇ። ከጣቷ እስከ ክርኗ።

እሳቱ ገና እንደጠፋ ነው። ቆዳዋ አብሮ ከእጅጌዋ ጋር

ታክሲ። ሆስፒታል። አስተኟት። ለልጄ ደወልኩ፣ የጭነት መኪናውን ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሰማም። ባለቤቴ ሕፃኗን ይዛ ቤት ቀረች።

ከሆስፒታል ስመለስ ጓዳውን አጠብኩ። ቫልቩንም አስተካከልኩ።

እሑድ፣ 11

በደንብ ልጻፈው።

ትናንት በርሜሉ ፈልቶ ነበር። ስልሳ ሊትር የብቅል ውሃ። እኔ ደጅ ላይ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዣለሁ። ምራቴ በመስኮት ብቅ ብላ «አባባ፣ እሳቱን አጥፍቻለሁ፣ ይልቀቁልኝ» አለችኝ። «መጣሁ፣ እስከዚያ ቱቦውን ግጠሚልኝ» አልኳት። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። ወሬው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ ብጠየቅ አላስታውስም።

ቱቦው እንዲገጠም መጀመሪያ የቫልቩ አፍ ላይ ያለው ክዳን መፈታት አለበት፤ ዝንብ እንዳይገባበት የምንጠብቀው ክዳን። ምራቴ ችኩል ልጅ አይደለችም። መርፌ ስትሰካ እንኳን ሦስት ጊዜ የምታይ ናት። ጩኸቷን ሰምቼ ስገባ ቫልቩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየዋለች።

ዛሬ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ እንዲህ አለችኝ። «አባባ፣ እጀታው ቧንቧው ላይ ተኝቶ ነበር። ሰው ክፍት ትቶት ክዳኑ ብቻ ነው የያዘው ብዬ ደነገጥኩ። ወደ ጎን አዙሬ ዘጋሁት። ከዚያ ነው ክዳኑን የፈታሁት። ዘግቼዋለሁ እኮ!»

«አይዞሽ» አልኳት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጓዳ ቆማ ቫልቩን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። «ይኸው! ወደ ጎን ሲሆን ዝግ ነው፣ ቀጥ ሲል ክፍት። እኔ እንኳን አውቀዋለሁ። ዘጋሁ ትላለች እንጂ የከፈተችው ራሷ ናት። ሌሊት ሕፃኗ አታስተኛትም፣ ቀን ደንዝዛ ትውላለች።»

«ቫልቩ ያረጀ ይመስለኛል» አልኩ። «አዲስ መግዛት አለብን።»

ማክሰኞ፣ 13

የቫልቭ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ ነው። ግማሽ ቀን አብሬው ዋልኩ።

ናስ አይሆንም። የቢራ ኮምጣጣነት ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ደግሞ አይታወቅም። የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ለማፍያው ተራ ጎማ ጨርሶ አይገባም፤ አልኮል ጎማን ያሟሟዋል፣ ጠረኑ መጠጡ ውስጥ ይቀራል፣ እንፋሎቱ በስንጥቅ ከወጣ ደግሞ እሳት አጠገብ ነው። ኳስ ያለው ቫልቭ ሲከፈትም ሲዘጋም ይታያል፣ ግን በኳሱና በቫልቩ አካል መካከል የብቅል ውሃ ይቀራል፣ እዚያው ይበሰብሳል፣ የሚቀጥለውን ጠመቃ ያኮመጥጠዋል። በአራት ብሎን የሚፈታ ባለ ሦስት ክፍል አለ፤ ተፈትቶ ይታጠባል። ባለ መዘውርም አለ፤ እየተሽከረከረ የሚዘጋው።

ሁሉንም በደብተሩ ጀርባ ሣልኩ። ወደ ሆስፒታሉ ልሄድ ስል የጥየቃ ሰዓት አልፎ ነበር።

ዓርብ፣ 16

ልጄ መጣ። ፊቱ አቧራ ነው፣ ዓይኑ ደም መስሏል። በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። እራት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀ፣ «አባዬ፣ እንዴት ነው የሆነው?»

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ምን እንዴት አለው! ዘጋሁ ብላ ከፈተች። እሷም ክፉ አይደለችም፣ ሐሳቧ እዚህ የለም እንጂ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ምግቤን አላምጥ ነበር። አላምጬ እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ እኔም ማላመጡን አላቋረጥኩም። በመጨረሻ «ድካም ይሆናል» አለ፣ ለራሱ።

አልዋሸሁም። ማንም ዋሽተሃል ሊለኝ አይችልም።

ረቡዕ፣ 21

ምራቴ ቤት ገባች። እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ይድናል ብሏል፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ግን እንደ ቀድሞው ላይታጠፉ ይችላሉ። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው።

ባለ መዘውሩን ቫልቭ ለሙከራ አምጥቼ በአሮጌ ድስት ላይ ገጠምኩት። አይሆንም። አተላው የመዝጊያው መቀመጫ ላይ ሲያርፍ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ጠብ ጠብ ይላል። ደግሞ መዘውሩን አይተህ ክፍት ይሁን ዝግ ማወቅ አትችልም። አንድ ቫልቭ ሰው ሲያየው እውነቱን መናገር አለበት።

ባለቤቴ «ድስቴን በሳኸው!» ብላ ጮኸች። ሙከራ ነው አልኳት። «ቢራ ከጠመቅን አሥራ አንድ ቀን ሆነን፣ አንተ ድስት ትበሳለህ። ምን ሆነሃል?»

ሰኞ፣ 26

ዛሬ ያየሁትን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

ምራቴ ምድጃውን አጠፋች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመልሳ አየችው። በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ምድጃው አስጠጋች፣ ጋዙ ይሰማ እንደሆነ። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ በሹክሹክታ «አባባ፣ ጠፍቷል አይደል?» አለችኝ።

«ጠፍቷል፣ ልጄ።»

«እርግጠኛ ነዎት? እኔ ዓይኔን አላምነውም።»

ሕፃኗን ማጠብ ትታለች። ባለቤቴ የሰባት ወሯን ልጅ ከነአልጋዋ ወደ እኛ ክፍል አዛወረቻት። ምራቴ እምቢ አላለችም፤ የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው። «እማማ ይጠቧት፣ ውሃው ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ እኔ ልሳሳት እችላለሁ» አለች። እጇ እንኳ አይደለም ምክንያቷ። ግራ እጇ ደህና ነው።

ፓምፕ ጣቢያ እያለሁ የፈረቃ ባልደረባዬ አንድ የማፍሰሻ ቫልቭ እጀታ ገልብጦ ገጥሞ ነበር፤ እንደዚሁ ሰው እንዳይይዝ ብሎ። ማንም አልተጎዳም። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የሰው ሕይወት» የሚለውን በቀይ አሰመርኩበት። አሥራ አምስት ቀን ከሥራ ታገደ። ሲመለስ አንድ ዓመት ሰላም አላለኝም፤ እኔ ደግሞ ኩራተኛ ነው እያልኩ አማሁት።

የእኔ ሌላ ነው። የእሱ የመንግሥት ጣቢያ ነው፣ የእኔ የቤት ጓዳ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ አሁን። ዕድሜ ልኬን ለሰው ያላዘንኩትን ያህል ለራሴ ሳዝን ራሴን ያዝኩት። አልሰርዘውም፣ ይቆይ።

ሐሙስ፣ 29

አሮጌውን ቫልቭ ይዤ ሱቅ ሄድኩ፤ ባለሱቁ የመግጠሚያውን ጥርስ መጠን ልለካ ብሎኝ ነበር። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አገላበጠው። እጀታውን ነቅሎ ከሥሩ ያለውን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ማነው ይህን ማገጃ የሞረደው?»

«ስገዛው እንዲህ ነበር» አልኩት።

«ከየት ገዙት?»

መደርደሪያውን ማየት ጀመርኩ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝና «ከእኔ ነው የገዙት ጌታዬ። እኔ ሞርጄ አልሸጥም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «ገልብጠው ገጥመውት ነበር እንዴ? ለጠባብ ቦታ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እጀታው ላይ በቀይ ቀለም ቀስት ይሣልበታል ታዲያ። አለበለዚያ ሰው ይቃጠላል።»

መለካቱን ሳይጨርስ ቫልቩን ከእጁ ወስጄ ወጣሁ። ቀይ ቀለም። አንዲት ቀስት። መደርደሪያዬ ላይ ቀይ ቀለም ሞልቷል።

እሑድ፣ 2

ባለቤቴ ድንች እየላጠች ድንገት ቢላዋዋን አቆመች።

«አንተ። ያኔ፣ ከመቃጠሏ በፊት፣ እጀታውን አሳይተኸኝ አልነበር? የሆነ ነገር አዞርኩት ብለኸኝ አልነበር?»

«አሳይቼሽ ነበር» አልኩ።

ልጣጩ ከቢላዋው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁሉንም ነገር ከፊቴ አነበበችው፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች። አልጮኸችም። ድንቹን ድስት ውስጥ ጨመረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለማንም እንዳትተነፍስ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«እንዴትማ ምን አለው። ልጁ ካወቀ ደጃችንን አይረግጥም። ታውቀዋለህ እኮ ግትርነቱን፣ ካንተ ነው የወሰደው። ለእሷ ምን ይጨምርላታል? ቆዳዋን ይመልስላታል?»

እፎይ አልኩ። ይህንን መጻፍ አለብኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ራሴን የጠላሁት፣ ባለቤቴንም ትንሽ።

ረቡዕ፣ 5

ምራቴ ዓይኗን ልትመረመር ሄደች። ብቻዋን። ማንም አልላካትም፣ ከስፌት ገንዘቧ ከቀራት ከፍላ ነው የሄደችው። ስትመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ጤነኛ ነው ይላል።

«ዓይኔ ምንም የለውም አሉኝ» አለች። ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። «ዓይኔ ካልሆነ ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው።»

ባለቤቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ወረቀቱን አነሳሁና አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ አጣጥፌ መለስኩላት። ሦስት ቃል ነው የሚበቃው። «እኔ ነኝ የገለበጥኩት።» አንድ ልጅ እንኳን ይለዋል።

ዓርብ፣ 7

ቫልቩን መረጥኩ።

ባለ ሞላ እጀታ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በብሎን ተፈትቶ የሚታጠብ። እጅህ ከያዘው ይከፈታል፣ ከለቀቅከው በራሱ ይዘጋል። ሰው ቢደነግጥ፣ ቢወድቅ፣ እጁ ቢቃጠል፣ ቫልቩ አይጠብቀውም፣ ይዘጋል። ለበርሜሉ አንድ፣ ለማፍያው አንድ። የመግጠሚያው ጥርስ ላይ የቴፍሎን ፕላስተር አምስት ዙር፣ በቀኝ ዙር፣ እንዳይፈታ። ውሃ አፍልቼ ሃያ ጊዜ ከፈትኩ ዘጋሁ። አንዲት ጠብታ የለም። እጀታው ላይ በቀይ ቀለም ቀስት ሣልኩበት።

አራት ሳምንት የፈጀብኝ ሥራ እንከን አይወጣለትም። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እያየችኝ «ልጁ ደውሎ ነበር» አለች። «በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ወደ እናቷ ቤት ይወስዳታል። ትንሽ ትረፍ ብያለሁ እኔም። እስክትረጋጋ።»

«ሕፃኗስ?»

«ሕፃኗ ከእኛ ጋር ትሆናለች። ምድጃ ማጥፋት ለማትችል ሴት ሕፃን ይሰጣል እንዴ?»

ይህንን የምትለው እውነቱን እያወቀች ነው። እኔም የምሰማት እያወቅኩ።

ምራቴ ትስማማለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቴ «እሷ ናት እኮ የጠየቀችው» አለችኝ።

ሰኞ፣ 10

ልነግራት ክፍሏ ድረስ ሄድኩ። የሕፃኗን ልብሶች ታጥፋለች፣ በግራ እጇና በጥርሷ። «አባባ፣ ይቺን ትወዳታለች፣ ስታለቅስ እሷን ያልብሷት» ብላ ቢጫ ሹራብ ሰጠችኝ።

ሹራቡን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ 13

ፈሪ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ 15

ልጄ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሞተሩን አላጠፋም። ምራቴ አንዲት ቦርሳ ይዛ ሳሎን ቆማለች። ሕፃኗ ባለቤቴ ጭን ላይ ናት፣ እጇን ወደ እናቷ ትዘረጋለች። እናትየዋ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ፈገግ ትልላታለች፤ አትጠጋትም።

«ቆዩ» አልኩ።

ድምፄ ከሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። ባለቤቴ ወዲያው አወቀችው፣ «ደክሞሃል፣ ገብተህ ጋደም በል» አለች።

«እጀታው ተገልብጦ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ የገለበጥኩት። የእናትህን ቀሚስ ስለሚይዝ። ማገጃውን በሞረድ ሞርጄ አነሳሁት። ሲዘጋ ቧንቧው ላይ ይተኛ ነበር፣ ወደ ጎን ሲሆን ነው የሚከፈተው። ላሳያት ብዬ ረሳሁ። የተቃጠለች ዕለት ከሆስፒታል መጥቼ ማንም ሳያይ መልሼ አስተካከልኩት።»

ልጄ እንዳልሰማ ሰው «ምን?» አለ።

«አትስማው፣ እርጅና ነው የሚያናግረው…» ብላ ባለቤቴ ጀመረች። ልጄ እጁን አንስቶ አቋረጣት።

ምራቴ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ እኔ ቀረበች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር።

«ወደ ጎን ሳዞረው» አለች፣ ቃል በቃል እየለየች፣ «በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ ዘግቼው ነበር?»

«በየትኛውም ቤት ቢሆን ዘግተሽው ነበር።»

«ያየሁት ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«ያደረግኩትም?»

«ያደረግሽውም።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ወደ ባለቤቴ ሄዳ ጎንበስ አለችና ሕፃኗን ከጭኗ ላይ አነሳች፤ በሁለቱም እጆቿ፣ የተጠቀለለውን ከሥር አድርጋ። ባለቤቴ ልትከለክል እጇን ዘረጋች፣ ግን የሚከለከል ነገር አጣች። ምራቴ ጓዳ ገብታ ውሃ አሞቀች። በግራ ክርኗ ለካችው። ምድጃውን አጠፋች፣ አንድ ጊዜ፣ ዞራም አላየችው። ሕፃኗን ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ አጠበቻት። ልጄ ሊያግዛት ገባ፤ «ተወኝ፣ እችላለሁ» አለችው። ውሃው ሲንቦጫረቅና ሕፃኗ ስትስቅ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር።

ልጄ ከጓዳው ወጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «አባዬ» አለ፣ «እኔም ሐሳብሽ እዚህ የለም ብያታለሁ። ሆስፒታል ተኝታ እያለች። እጇን ይዤ ነው ያልኳት።» ወጥቶ የመኪናውን ሞተር አጠፋ።

እሑድ፣ 16

ዛሬ ጠዋት ሦስቱም ሄዱ። የሕፃኗን አልጋ ልጄ ፈትቶ ጫነው። የስፌት መኪናዋን ሁለት ሰው አንስቶ አወጣው። ባለቤቴ ከክፍላችን አልወጣችም።

ምራቴ መጨረሻ ላይ መጣች። ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። እጄን ለመጨበጥ ቀኟን መስጠት ስለማትችል ግራዋን ሰጠችኝ።

«አባባ፣ የእጄን ይቅር ብዬዎታለሁ» አለችኝ። «እጅ ይሳሳታል፣ የእኔም ሊሳሳት ይችል ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ግን ልጄን ስፈራት አይተውኛል። ስለ ምድጃው ስጠይቅዎት ጠፍቷል ይሉኝ ነበር። እዚህ ቤት ልጄን አላመጣትም። ሊያዩን ከፈለጉ እኛ ዘንድ ይምጡ፣ እኔ ባለሁበት።»

ልክ ነሽ አልኳት።

አላልኳትም። መኪናው መንገዱን ይዞ እስኪታጠፍ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ልክ ነሽ ያልኳት አሁን ነው፣ እዚህ ደብተር ላይ።